የጭላዳ ልክ ከየት ይገኛል?

ምልልሱ ምናባዊ ነው፤ የሚጠቀሱት ቦታዎች፣ ተቋማትና ጥናቶች ግን እውነተኛ ናቸው፤ ዓመታቱም እ.ኤ.አ. ናቸው። እትዬ ሰንዳፋ ላይ ዲቃላ ላሞች እያረቡ ወተት የሚያቀርቡ እናት ናቸው። ሐኪሙ የእህታቸው ልጅ ነው፤ የእንስሳት ሕክምና ተምሮ ሰበታ ይኖራል።

እትዬ፦ አንተ ልጅ፣ እናትህ በስልክ ያለችኝ እውነት ነው? የዝንጀሮ ፋንድያ ልመረምር ነው ብለሃታል አሉ።

ሐኪሙ፦ እውነት ነው እትዬ። ጭላዳ፣ ነጭ ዝንጀሮ፣ ጦጣ፤ በአጥር ውስጥ የሚኖሩትን። ሴቷ መቼ ለመፀነስ እንደ ደረሰች፣ ይዛ እንደ ሆነ፣ ጨንግፏት እንደ ሆነ ከዚያው ይታወቃል።

እትዬ፦ እግዚኦ! ለዚህ ነው ያን ሁሉ ዓመት የተማርከው?

ሐኪሙ፦ እርስዎስ ያቺ ቦቃ ጊደር መያዟን በምን ያውቃሉ?

እትዬ፦ አዳቃዩ መጥቶ ባዳቀላት በ21 ቀኗ ኮርማ ካልጠየቀች ይዛለች ነው። ካልጮኸች፣ ሌላዋ ላይ ካልወጣች፣ ከኋላዋ ዝልግልግ ካላወጣች። ከዚያ ወሩ ሲገፋ ሐኪም ይመጣና እጁን አግብቶ ያረጋግጣል።

ሐኪሙ፦ ኮርማ ሳትጠይቅ ቆይታ ኋላ ባዶ የሆነችብዎ የለችም?

እትዬ፦ ሞልቶ! ድራቷን ደብቃ የምታሳልፍ አለች። አንዳንዷም ሌሊት ትፈልግና ጠዋት ጸጥ ትላለች። አንተ ፉርሽካውን በውድ እየገዛህ ትቀልባለህ፣ እሷ ምንም የላትም።

ሐኪሙ፦ የዚያች ላም ወተት ቢመረመር ኖሮ ሐሰቷ ወዲያው ይወጣ ነበር። ፕሮጄስትሮን የሚባል ሆርሞን አለ፤ እርግዝናን የሚያጸናው እሱ ነው። ስትይዝ ከፍ ብሎ ይቆያል፣ ሳትይዝ ስትቀር በ20 ቀን ግድም ይወርዳል። በ21ኛውና በ24ኛው ቀን መካከል ከወተቷ ዝቅ ብሎ ከተገኘ ባዶ መሆኗ ያለቀ ነገር ነው። ከፍ ብሎ ከተገኘ ግን ይዛ ይሆናል እንጂ ማተብ አያስበጥስም።

እትዬ፦ ዝንጀሮ ግን አትታለብም።

ሐኪሙ፦ አትታለብም፣ እጅም አታስገባም። ፋንድያው የመጣው በዚህ ነው።

እትዬ፦ ደም አትወስዱም? ለእኛ ላሞች የደም ምርመራ እያላችሁ ስንት ጊዜ አንገታቸውን ስትወጉ አይቻለሁ።

ሐኪሙ፦ ላሟ በገመድ ትያዛለች። ጭላዳን ደም ለመውሰድ ማደንዘዣ በጠመንጃ መተኮስ ነው። ስትባረር ትደነግጣለች፣ የድንጋጤው ሆርሞን ደሟ ውስጥ ይፈስሳል፤ የለካኸው እንግዲህ ራስህ ያመጣኸውን ነው። ደግሞ ፈረቃ ጠብቆ በየሁለት ሦስት ቀኑ መተኮስ አይቻልም፤ ትሞታለች። አንድ ልኬት ብቻውን ደግሞ ምንም አይነግርም። መውጣት መውረዱን ማየት አለብን።

እትዬ፦ ሆርሞኑ ታዲያ ፋንድያው ውስጥ ምን ይሠራል?

ሐኪሙ፦ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ጉበት ይሰባብረውና ከፊሉ በሽንት፣ ከፊሉ በሐሞት በኩል ወደ አንጀት ይወጣል። የምናገኘው ስብርባሪውን ነው። አንድ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው፤ የዛሬው ፋንድያ የትናንቱን ነው የሚናገረው። ጥሩነቱ ግን የአንድ ደቂቃ ድንጋጤ አያናጋውም፣ የሰዓታቱን ድምር ይዞ ነው የሚመጣው። እ.ኤ.አ. በ1988 አሜሪካኖች በዝንጀሮ ላይ ሠርተው ከዓይነ ምድር ብቻ የወር ዑደቱንም እርግዝናውንም መከታተል እንደሚቻል አሳይተዋል።

እትዬ፦ እሺ። ዐሥር ዝንጀሮ አንድ አጥር ውስጥ ታጉሮ ይህ የእገሊት ነው ብለህ በምን ትለየዋለህ? ወይስ ቁጭ ብለህ ከኋላቸው ትጠብቃለህ?

ሐኪሙ፦ በሜዳ ያሉት እንዲያ ነው የሚያደርጉት፤ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። በአጥር ውስጥ ግን ብልሃት አለ። ልጆች ለጌጥ የሚለጥፉት የሚያብለጨልጭ ብናኝ አለ አይደል? ጉዳት የሌለውን ዓይነት በምትወደው ምግብ ሸፍነው ለአንዷ ቀዩን፣ ለሌላዋ ሰማያዊውን ያበሏታል። በነጋታው ፋንድያው ቀለሙን ይዞ ይወጣል። የምግብ ቀለምም ይሠራል።

እትዬ፦ ተመስገን! ፋንድያ በወርቅ አጊጦ የሚወጣበት ዘመን ደረስን።

ሐኪሙ፦ ከወጣ በኋላ ቸልታ አይወድም። ፀሐይ ላይ ከተተወ ውስጡ ያሉት ረቂቅ ነፍሳት ሆርሞኑን ይለውጡታል። ወዲያው ማቀዝቀዝ ወይም ማድረቅ፣ ካልሆነም አልኮል ውስጥ መጨመር ነው። ከዚያ ላቦራቶሪ ነው። ኤላይዛ የሚባል ዘዴ አለ፤ 96 ትንንሽ ጉድጓድ ያለው የፕላስቲክ ገበታ ነው። ናሙናው ውስጥ ሆርሞኑ በበዛ ቁጥር ቀለሙ እየሳሳ ይሄዳል፣ መሣሪያው ቀለሙን ያነብና ቁጥር ይሰጥሃል። ሰበታ ያለው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ዘዴውን ለከብት በሽታ ይጠቀምበታል። የዝንጀሮ ሆርሞን ሌላ ኬሚካል፣ ሌላ ማረጋገጫ ይፈልጋል እንጂ እጁም ዓይኑም ያው ነው።

እትዬ፦ ለመሆኑ በአጥር ያለ ዝንጀሮ የት አለ? ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ልጆቹን ስወስድ ካየኋቸው በቀር አላውቅም።

ሐኪሙ፦ በቡራዩ ወጥተው የአምቦን መንገድ ቢይዙ ሆለታ አጠገብ እንስሳ ኮቴ የሚባል ማዕከል አለ፤ 77 ሄክታር ነው። ቦርን ፍሪ የሚባለው የእንግሊዝ ድርጅት ነው የሚያስተዳድረው፣ ከዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ጋር ተስማምቶ። የሚበዛው አንበሳና አቦሸማኔ ነው፤ ዝንጀሮና ጦጣም አለ። ከሕገ ወጥ ነጋዴ የተወረሰ፣ ሰው ቤት በገመድ ታስሮ ያደገ። ሜዳ ቢለቀቅ ራሱን ችሎ መኖር የማይችለው እዚያው ይቀራል።

እትዬ፦ እናንተ ደግሞ እንዲዋለዱ ትፈልጋላችሁ።

ሐኪሙ፦ በተቃራኒው! ድርጅቱ እንስሳ በአጥር ውስጥ እንዲራባ አይፈልግም። ልጁ የት ይሄዳል? በእርስዎ ቤት ሆርሞን የሚለካው እንድትወልድ ነው፤ እዚያ ብዙውን ጊዜ እንዳትወልድ ነው።

እትዬ፦ እስቲ አሁን ለየኝ። ዘሩ እየጠፋ ነው ብላችሁ ታለቅሳላችሁ፤ ደግሞ እንዳይወልድ ትከለክላላችሁ።

ሐኪሙ፦ የሁሉም ዝንጀሮ ጉዳይ አንድ አይደለም። ጭላዳ ራሱ በዓለም መዝገብ ገና ክፉኛ ከሚያሰጋው ምድብ አልገባም፤ በዱር ግን ከኢትዮጵያ ደጋ ውጪ የትም የለም። አርሲ በኩል ከስምጥ ሸለቆው ማዶ ተነጥሎ የቀረው ግን ጥቂት ነው። ቀርከሃ እየበላ የሚኖረው የባሌ ጦጣ ደግሞ ጫካው ከተመነጠረ ወዴትም አይሄድም። ማራባት የሚያስፈልግበትም ጊዜ አለ። ብራዚል ውስጥ ወርቃማ ጎፈር ያላት ትንሽ ጦጣ አለች፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በጫካ የቀሩት 200 ግድም ነበሩ ይባላል። በየአገሩ የእንስሳት ፓርክ አራቧትና ከ1984 ጀምሮ ወደ ጫካዋ መለሷት። መራባቱ ሲሳካ ግን ፓርኮቹ ቦታ አጡ፣ የወሊድ መከላከያ መስጠት ጀመሩ። ማራባቱም ማቆሙም የሚመራው በዚያው በሆርሞን ልኬት ነው።

እትዬ፦ ጭላዳን እኔም አውቀዋለሁ። ደብረ ሊባኖስ ለተክለ ሃይማኖት ስንሄድ ገደሉ አፋፍ ላይ ቁጭ ብሎ ሣር ሲነጭ አይቻለሁ። ደረቱ ቀይ ነው፣ የተላጠ ይመስላል።

ሐኪሙ፦ እሱ ነው። በሱሉልታ አልፈው ፍቼ ሳይደርሱ ማለት ነው። የሴቷን ደረት ልብ ብለው አይተው ያውቃሉ? በቀዩ ዙሪያ እንደ ጨሌ የተደረደረ ውኃ የቋጠረ ነገር አለ፤ ለመፀነስ ስትደርስ ያብጣል፣ ይቀላል፣ ከዚያ ይሟሽሻል።

እትዬ፦ ታዲያ ጨሌዋን አይተህ አትፈርድም? ፋንድያ ውስጥ ምን አስገባህ?

ሐኪሙ፦ ጨሌው ያብጣል እንጂ ይዛለች አይልም። ሌላዋ ይዛ የጨነገፈች እንደ ሆነ ምንም ሳያሳይ ያልፋል። እርስዎም ድራቷን የምትደብቅ ላም አለችኝ ብለዋል። ጭላዳ የምትይዘው ስድስት ወር ነው፤ ገና ሳይገፋ ቢጨነግፋት ከሩቅ የሚያይ ሰው ከወትሮው ዑደቷ አይለየውም። ከፋንድያዋ ግን ይለያል፤ ኤስትሮጅኗ በእርግዝና ወጥቶ ወጥቶ በድንገት ይወርዳል። አንድ የሚገርም ነገር ልንገርዎ፣ የተገኘውም እኛው አገር ነው።

እትዬ፦ ንገረኝ።

ሐኪሙ፦ ስሜን ተራሮች፣ ሳንቃ በር አካባቢ፣ ከ2006 ጀምሮ ጃሲንታ ቢነርና ቶር በርግማን የሚባሉ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጭላዳን በየግሉ ለይተው ተከትለዋል። ቢነር ቀድሞ አዋሽ ፓርክ በዝንጀሮ ላይ ስትሠራ ነው መብራት በሌለበት ሜዳ ሆርሞን ከፋንድያ የሚወጣበትን ዘዴ ያሻሻለችው። ሜታኖልና አሴቶን ጨምረህ በእጅህ ትንጠዋለህ፣ ታጠልላለህ፣ ሆርሞኑን ይዞ በሚያስቀር ትንሽ ቱቦ ታሳልፈዋለህ። ከዚያ ቱቦው አሜሪካ ይሄዳል።

እትዬ፦ ፋንድያው የእኛ፣ መልሱ የእነሱ።

ሐኪሙ፦ ጥናቱ ታትሞ ለሁሉም ክፍት ሆኗል እትዬ፤ ግን ገብቶኛል፣ ወደዚያም እመጣለሁ። ጭላዳ የሚኖረው አንድ ወንድ ከጥቂት ሴቶችና ከግልገሎቻቸው ጋር ሆኖ ነው። ሴት የሌለው የጎረምሶች ቡድን ደግሞ ዳር ዳር ይላል። አንድ ቀን ጎረምሳው ገብቶ አባወራውን ይጥለዋል። ከዚያ የሚጠቡትን ግልገሎች ሊገድል ይችላል፤ እናቲቱ ማጥባቷን ስታቆም ቶሎ ትፀንስለታለችና።

እትዬ፦ አረመኔ!

ሐኪሙ፦ ያረገዙትስ? ኢላ ሮበርትስ፣ ኤሚ ሉ እና ሁለቱ ባልደረቦቻቸው በ2012 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ያወጡት ይህንን ነው። አዲስ ወንድ በገባ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከእርግዝናዎቹ 80 በመቶው ይቋረጣል። እንግሊዛዊቷ ሂልዳ ብሩስ በ1959 የላቦራቶሪ አይጦች ላይ ነበር መጀመሪያ ያየችው፤ በዱር የሚኖር እንስሳ ላይ ይሁን አይሁን ግን አከራካሪ ሆኖ ኖሯል። ስሜን ላይ ያየው ዓይን ብቻ አልነበረም፣ በፋንድያው ውስጥ ያለው ኤስትሮጅን መውረዱም መሰከረ።

እትዬ፦ ራሷ ናት የምታስወርደው?

ሐኪሙ፦ አስባ አይደለም፤ ሰውነቷ ነው። ወልዳ ቢገደልባት ስድስት ወሯም ማጥባቷም ከንቱ ነው። ያስወረዱት ቀድመው እንደገና ፀንሰው ቀድመው ይወልዳሉ።

እትዬ፦ እኔ ሳይንሱን አላውቅም። ግን ሴት እንደ መሆኔ፣ ሰውነቷ ነው ብለህ ስታልፈው ቀዝቃዛ ሆነብኝ። ምን ያህል ፈርታ ነው እንዲያ የሆነችው?

ሐኪሙ፦ ጥያቄዎ ልክ ነው፤ ፍርሃት ይሁን ሽታ ይሁን ሌላ፣ ቁጥሩ የሚለው መውረዱን እንጂ የወረደበትን መንገድ አይደለም። ሌላም አለ። በ2021 ኤሚ ሉ እና ባልደረቦቿ ያወጡት እንደሚለው አዲስ ወንድ ሲገባ ገና ያልደረሱ ሴት ግልገሎች ኤስትሮጅናቸው ሽቅብ ይላል፤ የደረሱት ደግሞ ቶሎ ይጎመራሉ። አሁን ይህን ይዘው ወደ አጥሩ ይምጡ። ማዕከሉ ወንድ ጭላዳ ሞቶበት ሌላ ቢያስገባ፣ ሴቶቹ አስቀድመው ይዘው እንደ ሆነ ሳይጣራ ከሆነ፣ የሚደርሰው አይታወቅም። ኋላ ላይ ማን ምን እንዳጣ እንኳ አይታወቅም።

እትዬ፦ ስለዚህ መጀመሪያ ፋንድያ።

ሐኪሙ፦ መጀመሪያ ፋንድያ። ግን ቁጥሩ ከመጣ በኋላ ደግሞ ልክ ያስፈልጋል። የእርስዎን ላም ሙቀት 39 ሲል ጤነኛ ናት የምለው የሺህ ላም ሙቀት ቀድሞ ስለተለካ ነው። የአንዷ ጭላዳ ኤስትሮጅን ይህን ያህል ነው ሲባል ብዙ ነው ወይስ ጥቂት? የዙሪክ የእንስሳት ፓርክ 'የስሜን ተራሮች' ብሎ ሰይሞ በ2006 የከፈተው ግቢ ጭላዳ አለው። የኒውዮርኩ የብሮንክስ የእንስሳት ፓርክም ከ1990 ጀምሮ አለው። እነዚያ የአጥር ልጆች ናቸው። የሚበሉት ተመጥኖ የሚሰጥ ነው፣ አይራቡም፣ ነብር አያባርራቸውም። እነሱን እርስ በርስ ብታወዳድር የታሰረን በታሰረ መለካት ነው።

እትዬ፦ የሜዳውን አምጥተህ አጠገቡ ማስቀመጥ ነው እንግዲያ።

ሐኪሙ፦ ይኸው ነው የምለው! ልኩ ያለው ስሜን፣ መንዝ ጓሳ፣ ደብረ ሊባኖስ ገደል ላይ ነው፤ ሌላ አገር የለም። ያም ሆኖ ዝም ብሎ አይነበብም። ስሜን ላይ ብርዱ ሲጠና የጭንቀት ሆርሞናቸው ይወጣል። ያንን ቁጥር አጥር ውስጥ ቢያገኙት፣ ይህች እስረኛ ተጨንቃለች ብለው ይደመድማሉ፤ ምናልባት የበረዳት ብቻ ነው።

እትዬ፦ ሰንዳፋም በኅዳር ላሞቼን ይበርዳቸዋል፣ ወተት ይቀንሳሉ። እንግዲህ ጭንቀት ነው ልትለኝ ነው። ይልቅ ያንን የአሜሪካውን ጉዳይ ተውከው።

ሐኪሙ፦ አልተውኩም። ናሙና ከአገር ለማውጣት ፈቃድ አለ፣ በቀዝቃዛ ማጓጓዝ አለ፣ ወራት ይወስዳል። ለሳይንስ ጽሑፍ ወራት ምንም አይደለም። አጥር ውስጥ ላለች ለአንዲት ጭላዳ ግን ከስድስት ወር በኋላ 'ይዛ ነበር' የሚል መልስ ቢመጣ ልጇ ቀድሟል። አገር ውስጥ መለካት አለብን የምለው ለኩራት ብዬ አይደለም፤ መልሱ ለውሳኔ እንዲደርስ ነው።

እትዬ፦ ገንዘቡስ? የላም መድኃኒት እንኳ ፈልገን እናጣለን።

ሐኪሙ፦ ኪቱ በውጭ ምንዛሪ ነው የሚገባው፣ እውነት ነው። መሣሪያውና ባለሙያው ግን ለዝንጀሮም ለላምም ያው ነው። የወተት ምርመራ ለሰንዳፋና ለሱሉልታ ወተት አቅራቢዎች ከተጀመረ ሁለቱ በአንድ ቤት ይኖራሉ።

እትዬ፦ ዝንጀሮዋ በእኔ ላም ታዝላ ልትመጣ ነው። ይሁን፤ እኔ ከማጣው ባዶ ላም ይሻላል። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። እንዳትወልድ ከሆነ የፈለጋችሁት፣ ወንዱን ቀጥቅጡትና ተገላገሉ። አባቶቻችን በሬውን የሚያደርጉት እንዲያ ነው።

ሐኪሙ፦ ሲቀጠቀጥ ቴስቶስትሮኑ ይጠፋል፣ ባሕርዩም አብሮ ይለወጣል። የወንዱ ደረት መቅላት ከሹመቱ ጋር የተያያዘ ነው፤ አባወራነቱ ቢናጋ ሴቶቹ መካከል ጠቡ ሊነሳ ይችላል። የዘር ቱቦውን ብቻ መቋጠር ይሻላል፣ ሆርሞኑ ሳይነካ ይቀራል።

እትዬ፦ እሱ ነው እንግዲያ። አለቀ።

ሐኪሙ፦ አላለቀም። ሴቷስ? በሜዳ ጭላዳ ወይ ይዛለች ወይ ታጠባለች፤ ከአንዱ ልጅ እስከ ሌላው ከሁለት ዓመት በላይ ይቆያል። ዑደት የምታየው ጥቂት ጊዜ ነው። ቱቦው ከተቋጠረ ወንድ ጋር ስትኖር ግን ከወር ትንሽ አለፍ እያለ፣ ዓመት በዓመት፣ ሳታቋርጥ ትመላለሳለች። ይህ ማኅፀኗን እንደሚጎዳ በሌሎች ዝንጀሮዎች ታይቷል። ለእሷ መከላከያ ከቆዳዋ ሥር ብንቀብርላት ደግሞ ዑደቷ ይቆማል፣ ጨሌዋ አያብጥም፣ ወንዱ ፊት አይሰጣትም ይሆናል።

እትዬ፦ ስለዚህ የትኛውን ትመርጣለህ?

ሐኪሙ፦ አንዴ እንድትወልድ ብተዋት እመርጣለሁ። ወልዳ ታጥባ፣ ልጇም ከቡድኑ ጋር ይደግ፤ ከዚያ በኋላ መከላከያውን ማሰብ ይቻላል። ባልደረቦቼ ግን አይስማሙኝም፤ አጥር ውስጥ አንዲት ነፍስ እንኳ መጨመር የለበትም ይላሉ።

እትዬ፦ እነሱ ልክ ናቸው። ገመድ ላይ ያደገች እናት ልጇን ምን ታስተምረዋለች?

ሐኪሙ፦ እናቷን አይታ የማታውቅ ሴት ልጅ ታሳድግ አታሳድግ የሚለው ከፋንድያ አይነበብም፤ እዚያ ላይ ከእኔ ይልቅ የእርስዎ ዓይን ይሻላል። ማዕከሉን መጥተው ያዩታል?

እትዬ፦ ላሞቹን ማን ያልባል? ቅዳሜ ከሰዓት ከሆነ እመጣለሁ። ከቡራዩ ወዲያ ግን አንተ ነህ የምታሳፍረኝ።